ማርሊስ ረቡዕ ረቡዕ የምታስጸልየው

ማርሊስ በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። ረቡዕ ረቡዕ በቤተ ክርስቲያን የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ፣ "ለባሌ ለኦርቪን ጸልዩለት፤ ልቡ ደንድኗል፣ አያጫውተኝም" ትላለች። ለራሱ ለኦርቪን ግን አንድም ቀን ነግራው አታውቅም።

አንድ ረቡዕ መኪናዋ በብርዱ አልነሳ ስላላት ኦርቪን አደረሳትና አብሯት ተቀመጠ። የጸሎት ርእስ ሲጠየቅ ከእሷ ቀድሞ እሱ እጁን አወጣ።

"ለማርሊስ ጸልዩላት። ያስከፋትን ነገር የምሰማው ከሰው ነው። ፋርማሲ ስሄድ እንኳ 'ልብህ ለሰለሰ ወይ?' ይሉኛል።"

ከጸሎተኞቹ አንዷ፣ አሮጊቷ ቨርና፣ ሳቋ አመለጣት። "በይ እንግዲህ ልጄ፣ ለእግዚአብሔር የነገርሽውን ለእሱም ንገሪው።"

ማርሊስ ወደ ባሏ ዞረች። "ራት ላይ ቴሌቪዥን ስትከፍት ብቻዬን የምበላ ይመስለኛል።"

"እኔ እኮ አንቺ የምትወጂው መስሎኝ ነው የምከፍተው" አላት።

ሌሎቹ ጸልየው ሲጨርሱ ሁለቱ ገና እያወሩ ነበር።