ተረኛዋ ማን ናት?

የቀዶ ሕክምና ዋርዱ ኃላፊ ሲስተር ኮምፒውተር ልማር ያለችው ወዳ አይደለም፤ በእልህ ነው። የወንድሟ ሚስት እዚያው ዋርድ ነርስ ናት። «ሸክሙን የምትጭኚው እኔ ላይ ነው፤ ሌሊት ሠርቼ አድሬ በማግስቱ ጠዋት ታስገቢኛለሽ» ብላ ካኮረፈች ሁለት ወር ሞላት። ሲስተር ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዲዩቲ ሰንጠረዥ በእጇ ያወጣች፣ አድልተሻል መባልን እንደ ስድብ የምትቆጥር ሴት ናት። በሻይ ሰዓት ሁሉም በተሰበሰቡበት፣ «ማሽን ይፍረደን! ካጠፋሁ እዚሁ በሁሉም ፊት ይቅርታ እጠይቅሻለሁ» አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ በከፈተው ሥልጠና የሚሰጠው የፕሮግራም ቋንቋ ጉደኛ ነው። ይህን አድርግ፣ ያን አድርግ ተብሎ አይታዘዝም። ደንብ ይጻፍለታል፤ ሲጠየቅ ከደንቡ ጋር የምትስማማ ሰው ካገኘ ስሟን ያወጣል፣ ካጣ «አይሆንም» ይላል። ሲስተር የምትፈለገዋን ሰው «ተረኛ» ብላ ሰይማ የመጀመሪያውን ደንብ ጻፈች፤ ተረኛ ፈቃድ ላይ ካልሆነች ለሥራ ዝግጁ ናት። ነጥብ። ከሥሩ ሁለተኛውን፤ ተረኛ ነርስ ከሆነች ጠዋት ትገባለች። ነጥብ። ማሽኑ ጠዋት ያስገባላት ከወለደች ሳምንት ያልሞላትን ነርስ ነበር።

«አራስ ሥራ ትገባለች እንዴ?» ብላ ጮኸች።

አስተማሪው ትዕግሥቱ የማያልቅ ሰው ነው፤ ይበልጥ የሚያናድዳትም ይኸው ነው።

«ሲስተር፣ ‹ተረኛ› የሚለው ስም የሚያገለግለው ደንቡ በነጥብ እስኪዘጋ ብቻ ነው። ታች የጻፏት ተረኛ ላይኛዋን አታውቃትም።»

«እኔ ግን አውቃታለሁ!»

በማግስቱ ሁሉንም በአንድ ደንብ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ተረኛ ሌሊት ትሠራለች፣ ተረኛ ጠዋት ትገባለች፣ ሌሊት የሠራች ጠዋት አትገባም። አይሆንም። ነርስ ጨመረች። አይሆንም። ፈቃድ የወጡትን በሙሉ መለሰች። አይሆንም። ሦስት ቀን እንዲሁ ከረመች፤ ቤት ስትገባ ባሏ «ሻይ ላፍላልሽ?» ሲላት እንኳ «አይሆንም!» ብላው ቁጭ አለች።

«በአንድ ደንብ ውስጥ አንድ ስም አንድ ሰው ነው» አላት አስተማሪው። «ሌሊት ያሠሯትን ያቺኑ ተረኛ ጠዋት ግቢ ይላሉ፤ መልሰው ደግሞ አትገባም ይላሉ። ማሽኑ ምን ያድርግ?»

«ወንድሜ፣ እኔ ዋርድ ውስጥ ‹ተረኛ!› ብዬ ስጣራ ጠዋት አንዷ ትመጣለች፣ ማታ ሌላዋ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም ተሳስቶ አያውቅም! ይሄ ቆርቆሮ ነው የሚያስተምረኝ?»

እየተነጫነጨች የሌሊት ተረኛ፣ የጠዋት ተረኛ ብላ ለየቻቸው። ሠራ። እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት።

ሐሙስ ከሰዓት ከኩርፊያው በፊት የነበሩትን ሰንጠረዦች አስገባችና፣ ሌሊት አድራ በማግስቱ ጠዋት የገባች አለች ወይ ብላ ጠየቀች። ሳምንቱን ሙሉ ያንገሸገሻትን «አይሆንም» አሁን እንደ ምርቃት ጠበቀችው። ማሽኑ ግን ስም አወጣ፤ የወንድሟን ሚስት ስም። ሌላስ? አሁንም የወንድሟ ሚስት፣ በሌላ ቀን። ስድስት ጊዜ እሷው ወጣች፤ ሌላ ማንም የለም።

«ስሞቹን አምታትቼ ነው፤ እስቲ እየው» አለች።

አስተማሪው አየ፣ ደግሞም አየ። «ደንቡ ልክ ነው፣ ሲስተር።»

ወረቀቶቹን አወጣች። ስድስቱም ቦታ ላይ ሰው ሲጎድል ሰርዛ የተካችው በራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ሌላዋን ባስገባ ታጉረመርማለች፤ ይቺ ቤተሰብ ናት፣ ትችለኛለች ብላ ነበር። ያኔ ነገሬም አላለችውም። አሁን ግን አፈረች፤ በጣም አፈረች።

አርብ በሻይ ሰዓት ተነሳችና «አጥፍቻለሁ። ስድስት ጊዜ። ይቅር በይኝ» አለች። የወንድሟ ሚስት ብርጭቆዋን አስቀመጠች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«እትዬ፣ እኔ በአፌ ስነግርሽ ከርሜ አልሰማሽኝም» አለች። «ለማመን ማሽን አስፈለገሽ?»