የታጠፈው የፕላስተር ጫፍ

ሲስተር ሰገነት ፕላስተር ስትለጥፍ አንዱን ጫፍ ታጥፋለች፤ ሁልጊዜ በበሽተኛው ቀኝ በኩል። ሲላጥ ቆዳ ይዞ እንዳይነሳ ነው። የደሃና ወረዳ ገበሬ ልጅ ናት፤ ሰቆጣ ሆስፒታል ቁስል ማጠብ ከጀመረች አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አብረዋት የተቀጠሩት ዝውውር እየጠየቁ ሄዱ፤ እሷ «ቁስል እዚህም አለ» ብላ ቀረች። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ እጇ የነካው ቁስል እንደማይከፋ ታምናለች። ብዙ ጊዜም እውነቷን ነው።

ከዝቋላ ወረዳ የመጡት አቶ ደጅይጥኑ ግን ፈተኗት። ጉበታቸው ደክሞ ሆዳቸው ውሃ ቋጥሯል። እንብርታቸው ላይ ያበጠው ሊፈነዳ ሲል ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ስፌቱም ውሃ ያንጠባጥብ ጀመር። ሐኪሙ እንደገና ሰፋው፤ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን ሰጠ፤ ጨው ከለከለ። ቁስሉ ግን በየማለዳው ረጥቦ ይገኛል።

«አሁንም ተከፍቶ ካመረቀዘ አይተርፉም» አላት ሐኪሙ ለብቻዋ።

በማግስቱ ልታጥብ ጎንበስ ስትል የታጠፈው ጫፍ በግራ በኩል ነው።

«አባቴ፣ ይህን ማን ነካው?»

ባንቺ የምትባለው ባለቤታቸው አቀረቀረች። እሳቸው ግን አላፈሩም።

«እኔ ነኛ! እየከፈትኩ አፈሰዋለሁ። ክፉው ውሃ ይውጣ እንጂ ልጄ፤ ሆዴ እንዴት እንደጎደለ አታዪም?»

ሰገነት ደሟ ፈላ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኚህ ሰው የደበቁት ግን የራሳቸውን ሕክምና ነው። ቁጣዋን ዋጠችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የእርሻዎን እርከን ጎርፍ ሲሸነቁረው ውሃው ብቻውን ይወርዳል?»

«የት ብሎ! አፈሩን ጠርጎ ነው።»

«ይህም ሥጋዎን፣ ጉልበትዎን ይዞ ነው የሚወጣ። ውሃ የወጣበት ቀዳዳ ደግሞ ለተውሳክ መግቢያ ነው። በሽንት በሩ ይውጣልዎ፤ ይህን ለኔ ይተዉልኝ።»

ደጅይጥኑ እጃቸውን ከሆዳቸው ላይ አነሱ። «ለካ እርከኔን በገዛ እጄ ስንድ ነው የሰነበትኩት» አሉ።

አጥባ አሸገች፤ ጫፉን በቀኝ አጠፈች። ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እየፈራች ገባች፤ መፍራቷን ግን ለማንም አልተናገረችም። ቁስሉን የሸፈነው ጎዝ ዕለት ዕለት እርጥበቱ ቀነሰ። በዘጠነኛው ቀን ከወትሮው ቀድማ ብትገባ የደጅይጥኑ እጅ በባንቺ መቀነት ከአልጋው ብረት ጋር ታስሯል።

«ምን ነካችሁ?»

«እንቅልፍ ላይ እጄ እንዳይከዳኝ፣ እሰሪኝ ብያት ነው።»

ሰገነት ጫፉን ይዛ ላጠችው። ጎዙ ደረቅ ነው። ባንቺ ከአልጋው ሥር ሽንት የሞላውን ጆግ ብድግ አድርጋ፣ «ይኸው ሲስተር፣ በበሩ ወጣ!» አለች።

ጉበታቸው አልዳነም፤ ሰገነት ይህን ታውቃለች። ቁስሉ ግን ገጥሟል። ጉረኛዋ ሲስተር መቀነቱን ልትፈታ ብትሞክር የባንቺ ቋጠሮ ለእጇ እምቢ አለ።