ለመድኃኔዓለም ዕረፍት የገጠምነው ኳስ

እዚህ ሱዳን፣ በገዳሪፍ የሰሊጥ ገበያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ ከጆንያ ወደ ጆንያ የሚገለበጠው ሰሊጥ ሿ ሲል ልቤ ድንግጥ ይላል። ሰባን አልፌም ያ ድምፅ አልለቀቀኝም። አንተ ሰሊጥ አጭደህ ስለማታውቅ ምክንያቱን ልንገርህ።

ዘመኑ ስድሳዎቹ ነበር። ከጎንደር ቆላ ተነስተን፣ ድንበሩን በገላባት በኩል በእግር ተሻግረን፣ መፋዛ አጠገብ አንድ ሰፊ እርሻ ላይ ሰሊጥ እናጭድ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ተማሪ ነበር። ሰልፍ ወጥተሃል ተብሎ ከትምህርት ቤት የተባረረ፣ ጎፈሬውን አንጨፍርሮ፣ ሰፊ ቦላሌ ሱሪ ለብሶ ለአጨዳ የመጣ ጉደኛ። የሱሪው እግር የሰሊጥ ፍሬ ሲሰበስብ "የራስህን እርሻ ይዘህ ትዞራለህ" እያልን እንስቅበት ነበር። እሱ ግን ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው። ቀትር ላይ ዳሱ ሥር የካርቱም ዘፈን ስትለቅ፣ ቃሉ ባይገባንም ትከሻችን አያርፍም። ዜና ሲመጣ ደግሞ ስለ መሬትና ስለ አራሹ ያስረዳናል። ግማሹ አይገባኝም ነበር፤ ሲናገር መስማት ግን እወድ ነበር።

የጥቅምት መድኃኔዓለም ሲቃረብ ወኪሉ፣ ባለእርሻው እኛን እንዲያሠራ የሾመው ሱዳናዊ፣ በዓል የሚባል ነገር የለም አለ። ሰሊጥ ቀን አይሰጥም፤ ከደረሰ አፉን ከፍቶ ይረግፋል። እውነቱን ነው። እኛ ደግሞ በመድኃኔዓለም ማጭድ ጨብጠን አናውቅም። ትልልቆቹ እንለምነው ሲሉ ተማሪው እምቢ አለ።

"ለምነን ያገኘነውን ሲፈልግ ይነጥቀናል። በኳስ እንግጠመው።"

ወኪሉ ኳስ ሲባል ነፍሱ ነበር። ጆንያ ጫኞቹን ይዞ ሊገጥመን ተስማማ። ካሸነፍን እናርፋለን፤ ከተሸነፍን እናጭዳለን። "ኸላስ፣ ያ ዞል"፣ በቃ ተስማማን ሰውዬ ለማለት፣ ብሎ የተማሪውን እጅ መታ።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ተጋጠምን። በዚያ ሜዳ ለግብ የሚሆን እንጨት አልነበረም። የታጨደው ነዶ እንዲደርቅ ተደጋግፎ የሚቆምበትን ክምር ሂላ እንለዋለን። በየጫፉ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሁለት ሂላዎች መርጠን ግብ አደረግናቸው። ወኪሉም የኳስ ፍቅር ዐይኑን ጋርዶት ሰሊጡ ይረግፋል ሳይል ፈቀደ። ቁመቴ ረጅም ስለነበር በረኛው እኔ ሆንኩ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ለአንድ ነበርን። የጫኞቹ አጥቂ ወደ ግቤ ሮጦ ኳሷን በስሱ ነካት፤ እሱ ግን መቆም አቅቶት የግራውን ሂላ በትከሻው ገጨው። ሂላው ዘመመ። ሰሊጡ ሿ ማለት ጀመረ። እኔም ኳሷን ትቼ ሂላውን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ስንት ሳምንት ሙሉ "እንዳይፈስ፣ እንዳይፈስ" ሲባል የሰነበተ እጅ ሌላ ምን ያውቃል? ኳሷ በእግሬ አጠገብ ቀስ ብላ ተንከባላ ገባች።

ወኪሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ሰሊጤን አዳንክልኝ፣ ሹክራን" አለኝ። ይምረናል ብዬ ነበር፤ አልማረንም። የዚያን ሁሉ ሰው በዓል እኔ እንዳሻርኩት ቆጥሬ አፈርኩ። ዛሬም ሳስበው ፊቴን ይሞቀኛል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ማጭድ የሚያነሳ ጠፋ። መጀመሪያ የተነሳው ተማሪው ነበር። "ቃል ገብተናል፤ እናጭዳለን" አለና ከእኔ ቀጥሎ ያለውን መስመር ያዘ። በመድኃኔዓለም ሥራ እንደማይነካ ለእናቱ ምሎ እንደወጣ ያን ዕለት ነው የሰማሁት። እህል ሳይቀምስ ዋለ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

"ይቅር በለኝ" አልኩት።

"አንተ እኮ በረኛ አይደለህም፤ አጫጅ ነህ" አለኝ ፈገግ ብሎ። "ለከርሞ ግን ኳስም ልመናም የለም። ቁጭ ነው የምንለው።"

በዓመቱ እኛ ተመለስን፤ እሱ አልመጣም። ከጎንደር የመጡ ልጆች ታስሯል አሉን። ከዚያ ወዲህ ስንቱን ጠየቅሁ፣ ወሬውን የሚነግረኝ አላገኘሁም።

በዚያው በተመለስንበት ዓመት፣ የመድኃኔዓለም ዕለት ማንንም ሳንጠይቅ ማጭዳችንን አስቀምጠን በየመስመራችን ቁጭ አልን። ወኪሉ መጣ፣ ጮኸ፣ አባርራችኋለሁ አለ። አንድም ሰው አልተነሳም። ረፋዱ ላይ ደክሞት ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ቀኑ የእኛ ሆነ። እኔ ከጎኔ ባለው በተማሪው መስመር ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ከልክዬ ነበር።