ፍየሎቹን በስማቸው

ቃሲም ፍየሎቹን ቆጥሮ አያውቅም። የተቆጠረ መንጋ በረካው ይነሳል ብለው ነው ያሳደጉት፤ ስንት አለህ ሲሉት «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ያልፋል።

ፍየል የሚጨርስ በሽታ ከሸዋሮቢት በታች ወዳለው ቆላ ሲገባ፣ የእንስሳት ሐኪሟ ሐይማኖት ክትባት ይዛ መጣች። የመንጋው እኩሌታ በረት ነበርና ተወጋ። ሌላው ሮቢ ወንዝ ወርዶ ስለነበር ለሌላ ቀን ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ከተወጉት መሀል ዳለቻ፣ ልጆቹን በወተቷ ያሳደገችው፣ አፏ ቆስሎ እጁ ላይ ሞተች። ሰፈሩ መርፌው ገደላት አለ። ቃሲምም አመነ፤ የቀሩትን አላስወጋም አለ።

ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ በድን መጎተት ሆነ ሥራው። ሐይማኖት ተመልሳ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አስጨርሰሽኛል፣ መርፌሽን ይዘሽ ሂጂልኝ አላት።

«ጋሼ ቃሲም፣» አለችው ቀስ ብላ፣ «ካልተወጉትስ ስንት ሞተብዎ?»

አልቆጥርም አለ።

«አትቁጠር፤ በስማቸው ጥራቸው፤» አለች ሚስቱ ጣይባ። እሷው መጥራት ጀመረች። ከተወጉት ዳለቻ ሞታለች፣ ቀጥሎ አንካሳው ወጠጤ፤ ሌላ ፈልጋ አጣች። ካልተወጉት ግን ጉራቻ፣ ቡሬ፣ ነጮ፣ የነጮ መንታዎች፣ ዛጎሊት... ስሙ አላልቅ አለ። ሁሉም የሚያድሩት አንድ በረት፣ የሚጠጡትም አንድ ውሃ ነው። ቃሲም ለዳለቻ አልቅሶ ነበር፤ የቀሩትን እየጎተተ ጥሎ ረስቷቸዋል።

ሐይማኖት አላባበለችውም። መርፌው ሁሉንም አያድንም፣ ዳለቻም ስትወጋ በሽታው ቀድሞ ገብቶባት ይሆናል አለች።

«በይ የተረፉትን ውጊልኝ፤» አላት።

ያልተወጉትን አንድ በአንድ አየቻቸው። አፍንጫቸው ይዝረበረባል። ክትባት የታመመ እንደማያድን ነገረችው። ጤነኛ የተገኘችው አንዲት ግልገል ብቻ ነበረች፤ እሷን ወጋች።

ቃሲም በረቱ ደጃፍ ላይ ዘፍ አለ። ከማዶ ጎረቤቱ ኑረዲን ሐኪሟን አይቶ ፍየሎቹን ቁጥቋጦ ውስጥ ሊደብቅ ሲነዳ ታየው። እንዳታስወጋ ብሎ ኑረዲንን የመከረው ቃሲም ራሱ ነው። ተነስቶ እየሮጠ ደረሰበት።

«ዳለቻን የገደለውን መርፌ ለኔ ልታመጣ ነው?» አለው ኑረዲን።

«ዳለቻ፣» አለ ቃሲም ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «አንካሳው ወጠጤ። ከተወጉት የሞቱት እነዚህ ናቸው። አሁን ያልተወጉትን ልጥራልህ። ቁጭ በል፣ ቶሎ አያልቅም።»