ሮይ ለጆአን የመታው ጊታር

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሔርሜላ ከቶርንክሊፍ ፓርክ ወደ ዳንፎርዝ በመኪናዋ ስትወስደኝ ሬዲዮው አንድ የካንትሪ ዘፈን ያሰማ ነበር። ለሞተ ዘፋኝ መታሰቢያ የተሠራ ነው። ከድምፃዊው ኋላ ስቲል ጊታር ይንሰቀሰቃል። ሔርሜላ ልትቀይረው እጇን ስትሰድ፣

"እስቲ ተዪው" አልኳት።

"አባዬ፣ ካንትሪ ትወዳለህ? ሲሪየስሊ?"

"እንዲህ ያለ ዘፈን ላይ ጊታር መትቼም አውቃለሁ።"

ሳቀች። አላመነችኝም። መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር እስክንደርስ ድረስ ነገርኳት።

ቶሮንቶ በገባሁ ሰሞን ገና ወጣት ነበርኩ። ሪጀንት ፓርክ ከጓደኞቼ ጋር እየኖርኩ ዳቦ ቤት እሠራለሁ። አብሮኝ ሊጥ የሚያቦካው ሮይ የሚባል፣ ከኖቫ ስኮሺያ የመጣ ጎልማሳ ነው። ረጅም፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ጄራርድ መንገድ ላይ ባለች መጠጥ ቤት ስቲል ጊታር ይመታል። የባንዱ ድምፃዊት ሚስቱ ጆአን ናት። አገር ቤት የቀበሌ ኪነት ውስጥ ጊታር እመታ እንደነበር ሲሰማ "ና" አለኝ፤ ሄድኩ።

ስቲል ጊታር እንደ ሌላው ጊታር አይታቀፍም። ጭን ላይ ይጋደማል። ቀኝ እጅ ክሩን ሲነካ ግራ እጅ ለስላሳ የብረት ቁራጭ ይዞ ከላይ ያንሸራትታል። ድምፁ ታዲያ ከቦታ ቦታ አይዘልም፤ ይሳባል፣ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ስሰማው ማሲንቆ መስሎኝ ነበር። ጆአን ስትዘፍን ሮይ ጣልቃ አይገባባትም፤ ስንኟን ስትጨርስ ብቻ በክሩ ይመልስላታል። ዳቦ ቤት ውስጥ እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ብዙም ሳልቆይ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኋላቸው ተቀምጬ እመታ ጀመር። ጆአን በእረፍት ሰዓት ትኩስ የድንች ሾርባ ታቀርብልናለች። የገና ጾም ሲገባ የኔን ለብቻው፣ ቅቤም ወተትም ሳይነካው ሠርታ ታመጣልኝ ነበር። ቁንዶ በርበሬ ታበዛበታለች፤ "ሐበሻ ነህ ብዬ ነው" ትለኛለች።

በረዶው ሳይቀልጥ ጆአን ታማ ሞተች።

በባንዱ ቫዮሊን የሚጫወተው ፍራንክ ግጥም ጻፈላትና ዘፈኑን እሱ ዘፍኖት ሪከርድ እንድናደርገው ተስማማን። ሮይ ለልምምድ ይመጣል፣ ጊታሩን ጭኑ ላይ ያጋድማል፣ ግን አይነካውም። በመጨረሻ "ሌላ ሰው ፈልጉ" አለን።

በማግስቱ ዳቦ ቤት ሊጡን እየቆራረጥን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ስንኙ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ" አለኝ ቀና ሳይል። "ከዚያ የፍራንክ ድምፅ ይመጣል። ለፍራንክ ምን ብዬ ነው የምመልሰው?"

ቀኑን ሙሉ ሳወጣ ሳወርድ ዋልኩና ፈረቃችን ሲያልቅ ወደሱ ሄድኩ።

"እኛ አገር ለቅሶ ላይ አልቃሿ ሙሾ ስታወጣ ሰው ይቀበላታል" አልኩት። "የሟች የቅርብ ሰው ግን ተራ አይጠብቅም። ሆዱ ሲብሰው ብድግ ብሎ እሱ ይጀምራል። አንተም አትመልስ። አንተ ጀምር፣ ፍራንክ ይቀበልህ።"

ዱቄቱን ከእጁ አራግፎ ኮቱን ለበሰና ወጣ። የተቀየመኝ መሰለኝ።

የቀረጻው ቀን ግን መጣ። ስቱዲዮው የአንድ ወዳጃችን ቤት ምድር ቤት ነው፤ ውጭው ጭቃ ስለነበር ሁላችንም በካልሲ ተቀምጠናል። ፍራንክ ሊጀምር አፉን ሲከፍት ሮይ እጁን አንስቶ አስቆመውና ብቻውን መታ። መሃል ላይ ብረቱ አምልጦት ክሩ ተንጫረረ። ማንም አላስቆመውም። አንገቱን ደፍቶ እንባው እየወረደ እጁ ግን መሳቡን አልተወም። የኔ ጣቶች መቼ እንደገቡ አላስታውስም። ፍራንክ የተቀበለው ዘግይቶ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነበር።

ሲያልቅ አንዱ "እንድገመው?" አለ።

"ይበቃል" አለ ሮይ። ከዚያ ወጥተን የተጠበሰ ዓሣና ድንች በላን። ጆአን ከሞተች ወዲህ ሮይ ሳህኑን ሲጨርስ ያየሁት ያን ቀን ነው። በጋውን ሙሉ አብረን ስንመታ ከረምንና በመኸር ባሕሩ ወዳለበት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሔርሜላ መኪናውን ፓርክ አድርጋ ታዳምጠኝ ነበር።

"እና ቢቀየምህስ ኖሮ?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ያኔ የቅርብ ሰው ቀብሬ አላውቅም ነበር። እናቷ ያረፈች ዕለት ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት እኔ ከወንበሬ መነሳት፣ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ። ሮይን ጀምር ስለው ምን ያህል ከባድ ነገር እንዳዘዝኩት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አለማወቄ ደግ ሆነ፤ ባውቅ ኖሮ አፌን አልከፍትም ነበር።