ለአርባ ቀን ክርስትና በዋልካ ላይ

ዳምጤ በሱዳኗ ገዳሪፍ ዳቦ ከፉርን፣ ከመጋገሪያው ቤት፣ ወደ ሱቅ በብስክሌት ሲያመላልስ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ እናቱ እጁን ይዛ ከጎንደር ቆላ አሻገረችው፤ እሷ እዚያው አረፈች፣ እሱም እዚያው ቀረ። አንድ ጊዜ አግብቶ ነበር፤ ልጅ ሳይመጣ ትዳሩ ሄደ። ሱዳን ደግሞ ወንድን በልጁ ስም ነው የሚጠራው፤ አቡ እገሌ ይባላል። ለዳምጤ የሚጠሩበት ልጅ ቢያጡ ጋጋሪዎቹ "አቡ አጀላ" አሉት፤ የብስክሌት አባት ማለታቸው ነው። ሲሉት ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

በብስክሌቷ በራሷ ግን ቀልድ አያውቅም። ከመሪዋ ግራና ቀኝ መስታወት፣ ከኮርቻዋ ሥር ቀይ ዘርፍ፣ ከጎማዎቿ በላይ ደግሞ በየሳምንቱ ዘይት እየተቀቡ የሚያብረቀርቁ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዎች አሏት። የራሱ ጫማ ቀለም አይቶ አያውቅም።

ፍሰሃን ያስጠጋውም ይኸው ዳምጤ ነው። ፍሰሃ የትግራይ ጦርነት ያሻገረው ልጅ ነበር፤ ከስደተኞች መጠለያው ወደ ከተማ ሲመጣ በአንዲት ክፍል አብረው ከረሙ፣ ፉርን ሥራ ያስገባውም እሱ ነው። በኋላ ፍሰሃ ሚስቱን መብርሂትን ይዞ ባሱንዳ አጠገብ የሰሊጥ እርሻ ላይ ተቀጠረ። አንድ ቀን ደወለና ወንድ ልጅ መወለዱን፣ የክርስትና አባቱም ጋሼ ዳምጤ እንጂ ሌላ ሰው እንደማይሆን ነገረው። ዳምጤ የዚያን ዕለት ዳቦውን ለማን እንዳደለ እስከ ዛሬ አያውቅም። ነጭ ልብስና ማተብ ገዛ፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቀለለ፣ ላገኘው ሁሉ ፈትቶ አሳየ፣ መልሶ ጠቀለለ።

ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል፤ ቀኑ ሰው አይጠብቅም። የክርስትና አባቱ ባይደርስ በቦታው የቆመ ወንድ ይቀበለዋል፤ የተቀበለ ደግሞ ለዕድሜ ልክ አባት ነው። ዳምጤ ይህን ያውቃል። ዝናቡ ግን አላወቀለትም። የዘንድሮ ኸሪፍ፣ የሱዳን ክረምት፣ ከወትሮው ብሶ ወረደ፣ በሱዳኑ ጦርነት ቤንዚን እንደ መድኃኒት ከተወደደ ቆይቷል፣ የሎሪ ሾፌሮቹም መሬቱ ሳይደርቅ ጎማ አናነቃንቅም አሉ። ዳምጤ የጎማ ጠጋኙ የእስማኤል ዳስ ውስጥ ገብቶ ተኮራመተ። እስማኤል ከልጅነቱ ጀምሮ ጓደኛው ነው፤ ነገር አዋቂ፣ ምላሱ ስለታም እስላም። ሊያጽናናው ሞክሮ ሲያቅተው ይሰድበው ጀመር።

እዚያው ዳስ ውስጥ እያሉ ጉዕሽ መጣ። ጉዕሽ መቀሌ ላይ የብስክሌት ተወዳዳሪ የነበረ፣ አሁን ገበያ ውስጥ ጆንያ የሚሸከም ጎልማሳ ነው። ስልኩን ከፍቶ ቪዲዮ አሳያቸው። እንግሊዝ አገር የገባ የድሮ የቡድን ጓደኛው፣ ከሌሎች ሦስት አራት ሰዎች ጋር፣ በዶፍ ዝናብ ብስክሌት ይነዳል፤ ውኃው ከአፍንጫቸው ይንጠባጠባል፣ እነሱ ይስቃሉ። ከአገሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሊሄዱ ነው አላቸው። ዳምጤ ማን እያባረራቸው እንደሆነ ጠየቀ። ማንም አላባረራቸውም፣ ለመዝናናት ነው ቢለው እስማኤል ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ዳምጤ አልሳቀም። ብድግ አለ።

"እነሱ ለጨዋታ በዝናብ ከሄዱ፣ እኔ ለልጄ አልሄድም?"

"ልጄ" የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሁለቱም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ነበር። እስማኤል ሳቁን ዋጠና መንፊያውን፣ ማጣበቂያውንና ቁልፎቹን ከረጢት ውስጥ መጨመር ጀመረ። አንተ እስላሙ ክርስትና ላይ ምን ትሠራለህ ቢሉት፣ ጎማ ሃይማኖት የለውም አለ። ጉዕሽም ብስክሌት ተዋሰ።

በዋዜማው ሳይነጋ ወጡ። ከከተማው ሳይርቁ ሰማዩ ተቀደደ። አስፋልቱ ግን ከሥራቸው ይፈሳል፣ ግራና ቀኝ ያለው ማሽላ ለምልሟል፣ የዳምጤ ልብ ትዘላለች። ጉዕሽ ተወዳዳሪዎች እንደሚያደርጉት ተከታትለው እንዲነዱ፣ ነፋሱንም በየተራ ከፊት ሆነው እንዲሰብሩ አስተማራቸው። ዳምጤ ተራው ሲደርስ ከፊት ወጥቶ፣ መንገዱ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ሳይኖር ደወሉን እያቃጨለ በረረ። ኬላ ላይ አንድ ወታደር አስቁሞ ኸዋጃ፣ ፈረንጅ፣ ናችሁ ወይስ እብድ አላቸው። ልጅ ሊያስጠምቁ እንደሚሄዱ ሲነግሩት ሻይ አጠጥቶ መረቃቸው። ዳምጤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ተደስቶ አያውቅም፤ ይህንንም እየጮኸ ነገራቸው።

ወደ ባሱንዳ ለመድረስ ከአስፋልቱ መውረድ ግድ ነው። የወረዱበት ዋልካ ነው፤ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በክረምት ሊጥ የሚሆን ጥቁር አፈር። እስማኤል ገና ከዳር ቆሞ፣ ፓራፋንጎውን ፍታው፣ ጭቃው ይወተፍበታል አለ። ዳምጤ ዋልካን ለሚያውቅ የሰሊጥ አገር ሰው የማይሆን መልስ መለሰ። የክርስትና አባት ብስክሌቱን ገፍፎ ሰው ፊት አይቀርብም አለ።

ጭቃው ግን ክብር አያውቅም። ትንሽ ሄደው ጎማውና ፓራፋንጎው መካከል እንደ ጡብ ደረቀ። በእንጨት ይፍቃሉ፣ ጥቂት ይገፋሉ፣ እንደገና ይፍቃሉ። እንዲህ ሲሉ ቀኑ ዞረ። በመጨረሻ ዳምጤ በእልህ ሲጎትታት ከነብስክሌቷ ተደፋ። ተነስቶ ቁልፍ ተቀበለ፣ ፓራፋንጎዎቹን ራሱ ፈታ፣ ግራር ላይ ሰቀላቸው። ሚስቱ ስትሄድ እንኳን እንዲያ አላዘነም ይላል እስማኤል። ከዚያ ተሸክመው ሄዱ። እስከዚያ እነሱ ብስክሌት ላይ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቶቹ እነሱ ላይ ወጡ።

ኮሩ ጋ ሲደርሱ በበጋ ደረቅ የሚሆነው ይህ ወንዝ ሞልቶ ግንድ ያንከባልላል። አንድ ከብት ጠባቂ፣ ቀትር ላይ ብትመጡ ከጉልበት አያልፍም ነበር አላቸው። እስማኤልም ጉዕሽም ፓራፋንጎው ስላባከነው ጊዜ ዳምጤን አልወቀሱትም፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ባሰበት። የእርሻ ዘበኛ ጎጆ ውስጥ አደሩ።

ሲነጋ ውኃው ደረት ድረስ ወርዶ ነበር። ብስክሌቶቹን በትከሻ፣ የልጁን ልብስ በራስ አድርገው ተሻገሩ። ማዶ መሬቱ ጠጠርማ ነው፣ መንዳት ይቻላል፤ የዳምጤ ባት ግን ተኮማተረ፣ እግሩ ፔዳል መምታት እምቢ አለ። ቅዳሴው ይህን ጊዜ ተጀምሯል። ዳምጤ ጥቅሉን ከራሱ አውርዶ ለጉዕሽ ሰጠው።

"አንተ ሂድ። ቄሱን አስጠብቅልኝ። ካልሆነ ግን..." አለና የጥቅሉን ቋጠሮ በጉዕሽ እጅ ላይ አጠበቀ፤ "ካልሆነ ልጁ ያለ አባት እንዳይቀር፣ አንተ ተቀበለው።"

ጉዕሽ በትግርኛ "አጆኻ ጋሼ"፣ አይዞህ ብሎት ተፈተለከ። ዳምጤ ባቱን በእስማኤል እጅ አሳሽቶ፣ እያነከሰ፣ እየነዳ፣ እየወደቀ ተከተለ። እስማኤል ከኋላው ሆኖ ሲሰድበውም ሲያበረታታውም መንገዱ አለቀ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ የሣር ክዳን ያላት ዳስ ናት። የጉዕሽ ብስክሌት አጥሩ ሥር ወድቃለች። ከውስጥ ሕፃን ያለቅሳል። ዳምጤ "አለቀ፣ ተቀበሉት" አለ በሆዱ፤ እንባው ከዝናቡ ጋር ወረደ። እስማኤል ብስክሌቱን ከእጁ ነጥቆ ወደ በሩ ገፋው።

በሩ ላይ ጉዕሽ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። ፍሰሃ እየሮጠ መጥቶ ዳምጤን ከነጭቃው አቀፈውና የሆነውን ነገረው። የመንደሩ ወንድ ሁሉ አረም ላይ ስለሆነ ቄስ ገብረትንሳኤ ጉዕሽን ተቀበል ብለው አዘውት ነበር። ሁለተኛም ተቆጥተው አዘዙት። እሱ ግን እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ አባቱ መንገድ ላይ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

"ተቀበል ብዬህ ነበር እኮ" አለ ዳምጤ።

"ሰምቻለሁ" አለ ጉዕሽ።

ቄሱ ከጺም እስከ ጥፍር ዋልካ የተለሰነውን ሰው አይተው፣ ከሕፃኑ በፊት እሱን እጠቡት አሉ። ሴቶቹ እየሳቁ በባልዲ አፈሰሱበት። ፍሰሃ ነጠላውን አለበሰው። ከወለደች ወዲህ ገና ያን ዕለት ቤተ ክርስቲያን የረገጠችው መብርሂት ልጁን በእጆቹ ላይ አኖረችለት። ዳምጤ ዳቦ እንጂ ሕፃን ታቅፎ አያውቅም። እንደ ሥርዓቱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ስለ ልጁ ሰይጣንን ካደ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ስለ ልጁ አመነ። ቄሱም ለዚህ ሕፃን ቃል የሚገባለት ማን እንደሆነ ጠየቁ።

"እኔ ነኝ፣ አባቱ" አለ ዳምጤ። ድምፁ ከልክ በላይ ወጥቶ ሕፃኑ ልቅሶውን አቆመ፤ ከአጥር ውጭ ሦስቱን ብስክሌቶች ይዞ ዝናብ የሚመታው እስማኤል እንኳን ሰማው።