«አያመኝም» ሲባል የሚደነግጡት ሲስተር አጸደ

ሲስተር አጸደ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ማረፋቸውን የሰማሁት ታክሲ ውስጥ ነው። ከዓለም ባንክ ወደ ኮልፌ ስመጣ አጠገቤ የነበረችው ጎረቤቴ ስልኳን ዘግታ «የጤና ጣቢያችን ሲስተር አጸደ አረፉ» አለችኝ። ፌርማታዬ አለፈኝ። ከለቅሶው ቀጥሎ የመጣብኝ ሐሳብ «ሐሙስስ ማን ያስተምራል?» የሚል ነበር።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህንን እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ናት የጻፈችው። ወሬዬ እዚህም እዚያም ቢረግጥ፣ ሲስተርን የምታውቁ ሁሉ ታገሡኝ። እሳቸውም «እማማ ትርፌ፣ እስቲ ወደ እግርዎ እንመለስ» እያሉ ነበር የሚመልሱኝ።

ሲስተር የእኛን የስኳር በሽተኞችን የእግር ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ የኖሩ ነርስ ናቸው። መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ሐኪም ተማሪዎች አብረዋቸው ነበሩ። አንደኛው «ማዘር፣ እግርዎን ያምዎታል?» አለኝ።

«ተመስገን፣ አያመኝም» አልኩት።

ደስ ብሎት ጻፈና ሊያልፍ ሲል፣ ሲስተር እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰዱ። ተንበርክከው ጫማዬን አወለቁልኝ። ካልሲዬ በደም ርሷል። ለካ ከሶሉ የወጣ ሚስማር ረግጬ ነው ከቤቴ የመጣሁት! አንዷ ተማሪ ጮኸች። እኔ ደግሞ «የማን ደም ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሲስተር አልሳቁብኝም። ወደ ልጆቹ ዞረው «ስኳር የእግርን ስሜት ይገድላል፤ የስኳር በሽተኛ ‹አያመኝም› ሲላችሁ አትደሰቱ፤ ደንግጡ፣ ጫማውን አውልቁ» አሉ።

ያች ቁስል አንድ ጣቴን ወስዳለች። እግሬ ግን አለ። ቀን እየቆጠሩ፣ ስቀር እየደወሉ፣ ሲስተር ናቸው ያተረፉልኝ።

ከዳንኩ በኋላ ተማሪዎቹን «በምን ብትማሩ ትመርጣላችሁ?» ብለው ጠየቋቸው። አንዱ በስልክ ቪዲዮ አለ፣ ሌላው ማስታወሻ ይሰጠን አለ። ያቺ የጮኸችው ልጅ ቀስ ብላ «እኔ በእጄ ነክቼ ሳይ ነው የሚገባኝ» አለች። ሲስተር «ቪዲዮውን ቤታችሁ እዩት። እዚህ እማማ ትርፌ ያስተምሯችኋል» አሉ።

«ኧረ ሲስተር! እኔ ምን አውቄ?»

«ይህን እግር ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል?»

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የእኔ ትምህርት ቤት ሆነ። ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ልጆቹ በቀጭን የናይለን ክር እግሬን እየነኩ «ተሰማዎት?» ይሉኛል። ያልተሰማኝ እንደሆነ ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ አጮልቄ አይና «ተሰማኝ!» እላለሁ። ሲስተር «እማማ ኮረጁ!» ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ በኩረጃ የተያዝኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ደግነታቸውንም ልንገራችሁ። ቆሼ፣ ቆሻሻ መጣያው ላይ የሚሠሩ አንድ አባት እግራቸው አብጦ በጠባብ ጫማ መጡ። ሲስተር በማግስቱ ከቤታቸው የባላቸውን ሰፊ ጫማ ይዘው መጥተው አደረጉላቸው። «እግርዎ አይነግርዎትም፤ ሁልጊዜ ከማጥለቅዎ በፊት ጫማዎን በእጅዎ ይጠይቁት» አሏቸው። ሁላችንንም የሚሉን ይህንኑ ነበር።

ቀብራቸው ረቡዕ ሆነ። ከቀብር ስንመለስ ያቺ ደሜን አይታ የጮኸችው ልጅ፣ አሁን ዶክተር ሆናለች፣ ክንዴን ይዛ «እማማ፣ ሐሙስ ቀረ በቃ?» አለችኝ።

«ምን ሲደረግ ይቀራል! አንቺ ክሩን ያዢ፣ እኔ እግሬን ይዤ እመጣለሁ» አልኳት።

በማግስቱ ሄድኩ። አዲስ ተማሪዎች ቆመዋል። ሲስተርን አይተዋቸው አያውቁም። አንዱ ደብተሩን ገልጦ «ማዘር፣ እግርዎን ያምዎታል?» አለ።

«አያመኝም» አልኩት።

ልጁ መጻፍ ጀመረ። ዶክተሯ እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች። ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ እግሬን አየ፣ ተንበረከከ፣ ጫማዬን አወለቀ፣ እጁንም ጫማው ውስጥ እስከ ጫፉ አስገባ።

ሲስተር አጸደ፣ በዕድሜ ልጄ ይሆኑ ነበር፤ እኔ ግን አስተማሪዬ ነዎትና አንቺ ብዬዎት አላውቅም። ደህና ይረፉ። እዚያ ማንም ቁስል ይዞ አይጠብቅዎትም፤ ወገብዎን ያሳርፉ። እዚህ ስላለው አያስቡ። ሐሙስ አልቀረም። ወንበሩ ላይ ነኝ፣ ዓይኔንም ጨፍኛለሁ፤ አልኮርጅም።